ለየሰዓቱ የሚሆን ዘፈን

«የምወዳቸው» የሚል ስም የወጣለት ፕሌይሊስት የሌለበት ስልክ ማግኘት ይቸግራል። ሁለት ሦስት መቶ ዘፈን ይታጨቅበታል፤ ሲከፈት ግን ሦስተኛው ዘፈን ሳይጋመስ ጣት ወደ ማሳለፊያው ይሄዳል። እያንዳንዱ ዘፈን ተወዶ የገባ ነው፤ ግን ሽለላው ከትዝታው፣ ትዝታው ከሠርግ ዘፈኑ፣ የሠርጉ ዘፈን ከእንጉርጉሮው ጋር ተደባልቋል። ሰው አንድን ዘፈን ዕድሜ ልኩን ሊወደው ይችላል፤ የሚሰማው ግን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ሆኖ ነው። ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ ያማረው ዘፈን፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲከፈት ጆሮ ይበጠብጣል።

ጎጃም ውስጥ ይህን ማስረዳት ድሮ አያስፈልግም ነበር። የአጨዳ ዘፈን ለአጨዳ፣ የውቂያውም ለአውድማ ነው። ሆያ ሆዬ ነሐሴ 13 ለቡሄ ይጨፈራል፤ አበባየሆሽ እንቁጣጣሽን ትጠብቃለች። ፉከራና ቀረርቶ ቦታቸው ይታወቃል፤ ሙሾም እንዲሁ። ዘፈን ከሥራውና ከቀኑ ጋር ተያይዞ ይመጣ ነበር። ስልክ ግን ሁሉንም ዘፈን የሁሉ ሰዓት አደረገው። ፕሌይሊስት በጥንቃቄ የሚያዘጋጅ ሰው ያንን ትስስር ለራሱ ኑሮ መልሶ ያበጃል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው ርዝመቱ ነው። የካሴት ዘመን ይህን ለሰው በግድ ያስተምር ነበር። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው የሚይዘው፤ ካሴት የሚያስቀዳ ሰው ለሰባተኛው ዘፈን ቦታ ሲያጣ የቱ እንደሚወጣ መወሰን ነበረበት። ዛሬ የሚያስወጣ ነገር ስለሌለ ዝርዝሩ ያለ ልክ ያብጣል። በካሴት ዘመን የወጡ የአማርኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ አምስት ስድስት ደቂቃ ናቸው፤ በሸክላ የወጡት የቀድሞዎቹ አጠር ይላሉ፤ ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበርና። ስለዚህ አንድ ሰዓት ማለት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዘፈን ነው። የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ አምስት ስድስት ዘፈን ይበቃዋል። ለአንድ ጉዳይ የተዘጋጀ ዝርዝር ከአሥራ አምስት ሲያልፍ፣ መጨረሻዎቹ ላይ ያሉትን ማንም አይደርስባቸውም።

ቀጥሎ መሰብሰብ ነው፤ እዚህ ላይ መሰሰት አያስፈልግም። ለአሥራ ሁለት ዘፈን አርባ ዕጩ ያዙ። አርባውን በታሰበለት ሰዓትና ቦታ፣ በታሰበለት መሣሪያ ስሙ፤ የማብሰያ ቤት ዝርዝር ከሆነ ምጣዱ አጠገብ፣ የመንገድ ከሆነ እየሄዳችሁ። አልጋ ላይ ተጋድሞ በጆሮ ማዳመጫ የተመረጠ ዘፈን ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ዘፈን ነው። ያለፋችሁትን ዘፈን ምልክት አድርጉበት። አንድ ቀን ማለፍ ምንም አይደለም፤ ሦስት ጊዜ የታለፈ ዘፈን ግን ዘፋኙ ምንም ያህል ቢከበር ይውጣ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ «እንዴት የእገሌን ዘፈን አወጣለሁ?» ይላል። ከዝርዝሩ የወጣ ዘፈን ከልብ አልወጣም፤ ሌላ ሰዓት ይፈለግለታል።

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ማስገባትም የተለመደ ስህተት ነው። በቪዲዮ ክሊፕ መልክ የተለቀቁ ዘፈኖች መግቢያቸው ላይ ንግግር ወይም አጭር ትዕይንት ይኖራቸዋል፤ በዓይን ሲያዩት ደስ ይላል፤ በጆሮ ብቻ ሲሆን ግን የመኪና በር ሲዘጋና ሰው ሲያወራ መስማት ነው። የመድረክ ቅጂ በጭብጨባ ያልቃል። ብዙ ዘፈን ያለማቋረጥ ከሚያያይዝ «ኖንስቶፕ» ቪዲዮ የተቆረጠ ደግሞ መሃሉ ላይ የቻናሉ ማስታወቂያ ይገባበታል። አንድ ዘፈን ሦስት አራት ቅጂ ካለው፣ ወደ ካሴቱ ወይም ወደ ሲዲው የሚቀርበውን ፈልጉ።

ለእግር መንገድ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ላይ ማታ ጣና ዳር ለሚደረግ መንሸራሸር፣ ፍጥነቱን መለካት ያዋጣል። ሰው ሲራመድ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 እርምጃ ይሄዳል። የዘፈኑን ምት ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። በችክችካ ምት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስድስቱ ትንንሽ ምቶች በሁለት ከባድ ምት ስለሚከፈሉ፣ ትንንሾቹን የሚቆጥር ሰው ሦስት እጥፍ ያገኛል። ከበሮው የሚወድቅበትን ከባዱን ብቻ ቁጠሩ። እግር የሚከተለው እሱን ነው።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ይህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚዘለው። ዘፈኖቹ ጥሩ ሆነው ዝርዝሩ የሚሰለችበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች አደራደር ነው። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ማይነሩ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ያላቸው ሶል እሱ ውስጥ ዝቅ ብሏል፤ ጆሮ አንቺሆዬን ሲሰማ የሚወጠረው በዚህ ነው።

የክራር ተጫዋች ይህን በጣቱ ያውቀዋል። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ሲሻገር የሚቀይረው ሁለት ድምፅ ነው። ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰልም ሁለት ነው፦ ሬ ይወርዳል፣ ሚ ፍላት ወደ ፋ ይወጣል። ከትዝታ ሜጀር ወደ አንቺሆዬ ግን ሦስት ድምፅ ይቀየራል። ዋሽንት ተጫዋቹ ደግሞ አራቱ ቀዳዳዎች ተበስተው ያለቁ ስለሆኑ ዋሽንቱን ራሱን ይለውጣል፤ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። የሰሚም ጆሮ እንደዚያው ነው። ሁለት ድምፅ ብቻ የሚቀየርበት መሻገሪያ ለስላሳ ነው፤ ለማታ ዝርዝር ይስማማል። ሦስት ድምፅ የሚቀየርበት ሰውን ቀና ያደርጋል፤ ዝርዝሩ መሃል ላይ ሲዳከም እሱን አስገቡ። በርግጥ ሁለት ዘፋኞች አንድ ዓይነት ዶ ላይ ስለማይቆሙ ስሌቱ በወረቀት ላይ እንዳለው ንጹሕ አይሆንም፤ መንገዱን ግን ያሳያል።

ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ቅኝቱን እንዴት ይለያል? ዘፈኑ የሚያርፍበትን የመጨረሻ ድምፅ ያዙና ከዚያው ላይ ተነሥታችሁ በደንብ የምታውቁትን ትዝታ አንጎራጉሩ፤ ከዚያ ዘፈኑን መልሳችሁ ክፈቱት። ሁለቱ ሳይጣሉ ከተቀጣጠሉ ትዝታ ነው። ካልሆነ በምታውቁት አምባሰል፣ ቀጥሎም በባቲ ሞክሩ። አራት አምስት ዘፈን ከሞከራችሁ በኋላ ጆሮ ራሱ ይመልሳል። ትዝታ ቅኝት ሁልጊዜ ሐዘን ነው የሚለውም ትክክል አይደለም፤ በሜጀሩ የተዘፈኑ ፈጣን የጭፈራ ዘፈኖች ሞልተዋል።

አደራደሩ ላይ የኔ ምክር ይህ ነው፦ በአንድ ቅኝት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዘፈን፤ ከዚያ መቀየር። አሥር የትዝታ ማይነር ዘፈን በተከታታይ ሲሰማ አራተኛው ላይ ልብ ይከብዳል፣ ሰባተኛው ላይ ምንም አይሰማም። ሽለላና ቀረርቶ ደግሞ የተቆጠረ ምት ስለሌላቸው መሃል ላይ ሲገቡ የተያዘውን እንቅስቃሴ ያቋርጣሉ። መግቢያ ላይ ሲሆኑ ግን የሚተካከላቸው የለም፤ ከቀረርቶ ተነሥቶ ወደ ከበሮ መግባት የዘፋኞቹም የቆየ ስልት ነው።

«የጎጃም ዘፈን» ብቻ የሚል ዝርዝር ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይገጥመዋል። በቀላሉ የሚገኙት ይሁኔ በላይን የመሰሉ ዘፋኞች ያስለመዱን ፈጣን የእስክስታ ዘፈኖች ናቸው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ትከሻን ያነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ምቱ አንድ ዓይነት እየሆነ ይመጣል። መሃሉን ዋሽንት ብቻውን በሚጫወትበት ወይም በማሲንቆ እንጉርጉሮ ክፈሉት። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 ከፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ጋር ያወጣችው አልበም ለዚህ መሸጋገሪያ ይመቻል፤ የአገሩ ዜማ ከባዕድ ባስና ድራም ጋር ስለተሠራ በሁለቱም ወገን ካለው ዘፈን ጋር አይጣላም። በአገውኛ የሚዘፈኑ የአዊ ዘፈኖችን መርሳትም አይገባም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ብቻ የሚታወሱ መሆን የለባቸውም፤ ምታቸውም ቋንቋቸውም ዝርዝሩን ከመደጋገም ያድነዋል።

ግጥሙም የራሱ ሕግ አለው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ጉባኤ በተዘረጋበት አገር፣ ሰሙን አልፎ ወርቁን የሚፈልግ ጆሮ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግጥሙ የጠለቀ ዘፈን ሲከፈትለት የያዘውን ሥራ ይተዋል። ስለዚህ ግጥም የበዛባቸውን ዘፈኖች እጅ እንጂ አእምሮ በማይሠራበት ሰዓት አስቀምጡ፤ እህል ሲለቀም፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ቡና ሲፈላ። ግጥም የበዛባቸውን ሁለት ዘፈኖች ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሳይብላላ የሁለተኛው ይመጣና ሁለቱም ይባክናሉ። ለጥናትና ለንባብ ደግሞ በምትሰሙት ቋንቋ የተዘፈነ ነገር በጭራሽ አይሁን። የሚነበበውና የሚሰማው ቃል በአእምሮ ውስጥ አንድ ቦታ ይሻማሉ፤ በማይገባን ቋንቋ የተዘፈነ ሳይቀር በመጠኑ ያውካል። ክራር ብቻውን፣ ዋሽንት ብቻውን፣ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፤ ለዚህ የሚሆን ሀብት አለን።

ዝርዝሩ ተመርጦ ካለቀ በኋላ የሚያበላሸው የድምፅ ልዩነት ነው። ከአሮጌ ካሴት የተቀዳው ዘፈን ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አዲሱ ይጮኻል፤ ሰው በየዘፈኑ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ ይውላል። ብዙዎቹ የሙዚቃ አፖች ቅንብራቸው ውስጥ ድምፅ የሚያመጣጥን ማብሪያ አላቸው፤ አብሩት። ፋይል የሚጠቀም ሰው ኮምፒውተር ላይ እንደ ኤምፒ3ጌን ባለ ነጻ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ 89 ዴሲቤል ማምጣት ይችላል፤ ፋይሉን እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይነካም። ከካሴት የተቀዱት ሌላም ጣጣ አላቸው፤ የማጫወቻው ሞተር ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ከነበረ ዘፈኑ ከተዘፈነበት ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀራል። የዘፋኙ ድምፅ የልጅ ከመሰለ ቅጂው ፈጥኗል ማለት ነው፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።

መሣሪያውንም አስቡት። የስልክ ስፒከር የታችኛውን ድምፅ አይችለውም፤ ከበሮና ባስ ይጠፋሉ፤ ድምፃዊው፣ ማሲንቆውና ክራሩ ይቀራሉ። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይህ የባሰ ነው፤ ስልኩን ብረት ድስት ውስጥ አስቀምጦ ማስጮህ ድምፁን ከፍ እንጂ ጥሩ አያደርገውም። ለዝናብ ቀን ነጠላ ድምፅና ጠንከር ያለ ማሲንቆ ያላቸውን ምረጡ።

ጾም ሲገባ የተለየ ዝርዝር ያስፈልጋል። የሁዳዴ 55 ቀን ለብዙ የጎጃም ቤት ዘፈን የሚዘጋበት ነው፤ መዝሙርና ዘፈን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ካሉ ተራውን የሚያደበላልቀው ሸፍል በተነካ ቁጥር ሰው ይሳቀቃል። ከመጀመሪያው ለዩአቸው፤ በስም ብቻ ሳይሆን በተለያየ ፎልደር። በገና የሚወድ ሰው ደግሞ በስልክ ስፒከር አይስማው። አሥሩ አውታሮች ዝቅ ባለ ድምፅ የተቃኙ ናቸው፤ አውታሩ ሲመታ እንዚራው፣ ማለትም ከሥሩ ያለችው ቁራጭ ቆዳ፣ ታስነዝረዋለች። ትንሽ ስፒከር ዋናውን ድምፅ ጥሎ ንዝረቱን ብቻ ያወጣል። ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ከዚያ ይሻላል።

የመንገዱ ዝርዝር በቅድሚያ መጫን አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን ሸለቆ ሲወርዱና ሲወጡ ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ ኔትወርክ የሚያስተማምንበት አይደለም፤ ከደጀን በኋላም በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር እስኪገባ ድረስ ይመጣል ይጠፋል። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በሚቋረጥበት ወቅትም የሚያድነው ስልክ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተጨመቀ ዘፈን በደቂቃ ወደ አንድ ሜጋባይት ይይዛል፤ የአምስት ደቂቃው ዘፈን አምስት ሜጋ ገደማ ማለት ነው። በ320 ኪሎቢት ወደ አሥራ ሁለት ሜጋ ይሆናል። 8 ጊጋ ፍላሽ በመጀመሪያው ልክ ከ1,500 በላይ ዘፈን ይይዛል። ለመኪና ቴፕ 128 በቂ ነው፤ የሞተሩ ጩኸት ልዩነቱን ያጠፋዋል። ቪዲዮ ከፍቶ ዘፈን መስማት ግን ዳታም ባትሪም በብዙ እጥፍ ይበላል።

ፍላሽ ላይ ሲጫን ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ርካሾቹ የመኪና ማጫወቻዎች ፋት32 ተብሎ ፎርማት ያልተደረገ ፍላሽ አያነቡም። ሁለተኛ፣ የግዕዝ ፊደል ስለማያውቁ የዘፈኑን ስም በጥያቄ ምልክት ወይም በአራት ማዕዘን ሳጥን ያሳያሉ። ሦስተኛና ዋናው፣ ብዙዎቹ የሚያጫውቱት በስም ተራ ሳይሆን ፋይሉ በተገለበጠበት ተራ ነው። ዘፈኖቹን 01፣ 02፣ 03 ብላችሁ ሰይሙ፤ ሲገለበጡም አንድ በአንድ በዚያው ቅደም ተከተል ይግቡ። ሜሞሪ የሚጭን ሱቅ ከሄዳችሁ የራሳችሁን ዝርዝር በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ «ጎጃም ጫንልኝ» የሚል ሰው ለሁሉም የሚጫነውን አንድ ፎልደር ይዞ ይመለሳል።

አፑ ራሱ የሚመርጥልን ነገርስ? ለአማርኛ ዘፈን ደካማ ነው፤ አንዱ ምክንያት የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ዘፋኝ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ «ትዝታ» የሚለው ቃል እንኳ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስትፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ፤ በግዕዝ ፊደልም ፈልጉ።

መሰልቸት የማይቀር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንትስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ሌሎች በኋላ እንዳዩት ግን ድግግሞሹ ሲበዛ መውደዱ መልሶ ይቀንሳል። አዲስ ዘፈን አንዴ ተሰምቶ አይጣልም፤ ሦስት አራት ጊዜ ዕድል ይሰጠው። የቆየ ዘፈን ደግሞ እንዳያልቅ ይረፍ። በየወሩ ሁለት ሦስት ዘፈን ብቻ አውጡና ሁለት ሦስት አስገቡ፤ ሙሉውን በአንድ ጊዜ መቀየር የለመዳችሁትን መሻገሪያ ሁሉ ያፈርሳል። የወጡትን አትሰርዙ፤ «ያረፉ» የሚል ሌላ ዝርዝር ክፈቱላቸው። በጉርምስናና በወጣትነት የተሰማ ዘፈን ከሁሉ ጠልቆ እንደሚቀር በሰፊው ይታወቃል፤ እሱን በየቀኑ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ያጎድለዋል። የማቱሳላ ዕድሜ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይከፈት፤ ለበዓል፣ ወይም የልጅነት ሰው ሲመጣ።

ዝርዝሩን በደብተርም ጻፉት። ቪዲዮ ከቻናሉ ይነሣል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽ ይቃጠላል። የዘፈኑን ርዕስ፣ የዘፋኙን ሙሉ ስም፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ ርዝመቱን በደቂቃ፣ ቅኝቱን ካወቃችሁትም እሱን፣ በአንድ መስመር። ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው ዘፈኖች ብዙ ስለሆኑ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨምሩበት፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ርዕሱን ባያውቀው እንኳ ስንኙን ስታነቡለት ያገኘዋል።